ከስንዴው ማሳ እስከ ሐረና ጫካ፦ የኩባንያዎች የመብት ቃል በባሌ ደጋ

በሮቤና በጎባ ዙሪያ አጥር የታጠረለት፣ ሺዎች በፈረቃ የሚገቡበት ኢንዱስትሪ ፓርክ የለም። ኩባንያዎች ለሰብዓዊ መብትና ለሠራተኛ መብት ስለሚገቡት ቃል ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሐዋሳ የልብስ ስፌት ሼዶች ወይም ወደ ዝዋይ የአበባ እርሻዎች ነው። ባሌን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እኔ ግን ጉዳዩ አጥርቶ የሚታየው እዚህ ደጋ ላይ ነው እላለሁ። የባሌ ስንዴ ዱቄትና ፓስታ ይሆናል፤ ገብሱ ወደ ብቅል ፋብሪካ ይጫናል፤ የሐረና ቡና ባሕር ይሻገራል። ከገዢዎቹ መካከል ትልልቆቹ የጽሑፍ የመብት ፖሊሲ አላቸው። ያረሙት፣ የረጩት፣ የተሸከሙትና የለቀሙት ሰዎች ግን በኩባንያው የደመወዝ መዝገብ ላይ የሉም። ቃሉ የሚፈተነው በእነዚህ ሰዎች ነው።

ቃሉ የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በተቀበላቸው፣ በፕሮፌሰር ጆን ራጊ መሪነት በተዘጋጁት 31 መርሆዎች ላይ ነው። ጭብጣቸው አጭር ነው፦ መንግሥት መብትን ይጠብቅ፣ ኩባንያ መብትን ያክብር፣ የተጎዳ መፍትሔ ያግኝ። ኩባንያው የገዛ ግቢውን ብቻ አይቶ አይበቃውም። በሚገዛበት መስመር ሁሉ ማን ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሞ ይመረምራል፣ ያገኘውን ያርማል፣ ያደረገውን በይፋ ይናገራል። መርሆዎቹ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ በፈቃደኝነት ላይ ብቻ የቆመ ቃል አቅሙ የት ድረስ እንደሆነ ታየ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕግ አወጣች፤ የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ በ2023 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የራሱን መመሪያ አጸደቀ፣ ብዙም ሳይቆይ ይላላልን የሚል ግፊት ቢበረታበትም።

በእኛ በኩል ሕግ አልጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች እንዲደራጁ፣ ከአሠሪ ጋር እንዲደራደሩ፣ ጤናማና ከአደጋ በራቀ ቦታ እንዲሠሩ መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያሳልፍም። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ለወላድ እናት 120 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንም በግልጽ ያግዳል። ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ግን ራሱ አልቆረጠም፤ ወደፊት ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ አሳለፈው። ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል ሐዋሳ ላይ ታይቷል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የልብስ ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ስመ ጥር የልብስ ብራንዶች ከዚያ ያሠሩ እንደነበር ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት የዓለም ሥራ ድርጅት ከመንግሥት፣ ከአሠሪዎችና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር «ሥራዬ» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። የአበባ አምራቾችና ላኪዎች ማኅበርም ከዚያ ቀደም ብሎ የራሱን የአሠራር ደንብ አውጥቶ ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን የታሰቡት በር ላለው፣ ዘበኛ ለቆመበት፣ ተቆጣጣሪ ገብቶ ሊቆጥረው ለሚችል የሥራ ቦታ ነው።

ባሌ ላይ ሥራው በር የለውም። ሲናና፣ አጋርፋና ጋሰራ ስንዴ የሚያመርቱት በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ዝናቡ በ«ገና»ም በ«ቦና»ም ወቅት ይመጣል። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች እዚህ የተስፋፉትም፣ ኮምባይነር ቀድሞ የተለመደውም ሜዳው ለማሽን ስለሚመች ነው። ኮምባይነሩ ግን የሰውን ጉልበት ጨርሶ አላስቀረም፤ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው እንጂ። አረም የሚያርሙ ሴቶች አሉ። ፀረ አረምና የዋግ መድኃኒት በጀርባ በሚታዘል መርጫ የሚረጩ ወጣቶች አሉ። ኩንታል የሚሰፉና የሚጭኑ ወዛደሮች አሉ። ከብቱን ከማሳው የሚመልሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ቅጥሩ የቃል ነው፤ የሚዋዋሉትም በቀን ወይም በኩንታል ነው። አሠሪው ራሱ ጥሪት የሌለው ገበሬ ሊሆን ይችላል። አዋጁን ለእሱ ብቻ አንብቦ መሄድ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ጓንትና ጭምብል የሚገዛበት ገንዘብ በስንዴው ዋጋ ውስጥ ካልገባ ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ መነሻው የግዢ ውል መሆን አለበት። ባሌ በዚህ ረገድ ተሞክሮ አላት። በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ በተካሄደ ፕሮጀክት የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል የዱረም ስንዴ ዝርያ አቀረበ። መቀመጫው ሮቤ የሆነው የኦዳ ሮባ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ምርቱን ከመሠረታዊ ማኅበራት እየሰበሰበ ለፓስታ ፋብሪካዎች በውል አስረከበ። ቀድሞ ከውጭ በሚገባ ስንዴ ይሠራ የነበረ ፋብሪካ የባሌን ገበሬ ስም የሚያውቅበት መንገድ ተከፈተ። በቢራ ገብስም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 የበደሌና የሐረር ፋብሪካዎችን ገዝቶ ከገባ በኋላ የብቅል ገብስን ከአገር ውስጥ አነስተኛ አርሶ አደሮች የማግኘት ፕሮግራም ዘርግቷል።

እነዚህ ውሎች ስለ ዝርያ፣ ስለ እርጥበትና ስለ ጥራት ብዙ ይናገራሉ። መናገርም አለባቸው። ስለ ሰው ግን የሚሉት ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289 ለአምራቹና ለገዢው ግንኙነት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ ከማሳው የሚውለውን የቀን ሠራተኛ በውሉ ውስጥ ማስገባት ግን የተዋዋዮቹ ሥራ ነው። ኩባንያዎች የመብት ቃላቸውን እንዲጠብቁ የሚረዳ ባለሙያ ባሌ ቢመጣ መጀመሪያ እንዲመለከት የምመክረው የክፍያውን ቀን ነው። ዩኒየኑ ገንዘቡን ዘግይቶ ካገኘ ማኅበሩ ይዘገያል፣ ማኅበሩ ከዘገየ ገበሬው፣ ገበሬው ከዘገየ አራሚዋ። ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ የሒሳብ ክፍል ያዘገየው ክፍያ መጨረሻ የሚያርፈው በዕለት ገቢዋ በምታድር ሴት ላይ ነው። ሌላው ርጭት ነው። ገዢው ለአርሶ አደሩ ኬሚካልና ማዳበሪያ በብድር የሚያቀርብ ከሆነ የመከላከያ ልብሱን ከኬሚካሉ ጋር አብሮ ማቅረብ ይችላል፤ በዓመት ስንት ሰው በመድኃኒት ተመርዞ እንደሚታከም ማወቅ ከፈለገም የጎባ ሪፈራል ሆስፒታልን ሐኪሞች መጠየቅ ነው። በጽሑፍ ከሚሞላ የመጠይቅ ቅጽ ይልቅ እነሱ ብዙ ያስረዱታል። ውሉና ሥልጠናው በኦሮምኛ መሆን እንዳለበት መናገር እንኳ የሚያስፈልግ አልነበረም፤ ሆኖም የገዢዎች የሥነ ምግባር ደንብ ዛሬም በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

ከሳነቴ አምባ ወደ ደቡብ ሲወረድ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ሐረና ጫካ ውስጥ ቡናው ራሱ በቅሎ የሚለቀም ነው፤ እዚያ የመብት ጥያቄ ከደመወዝ በፊት የመሬትና የደን ጥያቄ ነው። በባሌ ይህ ጥያቄ ስሜት የሚነካው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዋቆ ጉቱ መሪነት ለተነሳው የገበሬዎች ዐመፅ አንዱ መነሻ የመሬትና የግብር በደል ነበር። በቅርብ ዓመታት ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ጋር ባካሄዱት የባሌ ሬድ ፕላስ ፕሮጀክት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተዋል። ከጭፍጨፋ የዳነው ደን በካርቦን ተሰልቶ ይሸጣል፤ ከሽያጩም ማኅበረሰቡ ድርሻ አለው። ካርቦኑን የሚገዛ ኩባንያ ደግሞ ቃሉ እዚህም ይከተለዋል፤ የማንን ደን ድርሻ እንደገዛ የማወቅ ግዴታ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሰው አለ። በ«ጎዳንቱ» ሥርዓት ከብቱን ይዞ እንደ ወቅቱ ከደጋ ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ ደጋ የሚጓዘው አርብቶ አደር በመዝገብ የማኅበር አባል ላይሆን ይችላል፤ በልማድ ግን ጥንታዊ መብት አለው። ማኅበሩ ሲመዘገብና ድንበሩ ሲከለል እሱ መንገድ ላይ ከሆነ ማን አማከረው? በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተውና በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት፤ በውስጡ ሰው ይኖራልና። ለፓርኩ ቀይ ቀበሮ የሚቆረቆር አስጎብኚ ድርጅትም ሆነ ሎጅ የነዋሪውን ድምፅ አብሮ መስማት ይኖርበታል።

አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው የደን ጭፍጨፋ ደንብ የቡና ገዢዎችን ሌላ ሥራ ሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ማብቂያ በኋላ ከተመነጠረ መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ስለሚከለክል የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በካርታ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ደንቡ የሚተገበርበት ጊዜ ቢራዘምም ዝግጅቱ አልቆመም። ዓላማውን እደግፋለሁ። ነገር ግን የልኬቱ ወጪ ለቃሚው ላይ ከወደቀ፣ ወይም ገዢው ችግሩን ሽሽት ወደ ሌላ አገር ከዞረ፣ የሐረናን ደን የጠበቀው የደሎ መና ወረዳ ገበሬ ነው የሚቀጣው። ሙሉ ቃሉን መጠበቅ የሚፈልግ ኩባንያ ወጪውን ይጋራል፣ ከአንድ ወቅት በላይ የሚዘልቅ ውልም ይገባል።

የቀረው አቤቱታ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የሚደርሰው ማኅበር ባለበት ነው፤ ለአንድ ወቅት ብቻ የሚሰባሰቡ አራሚዎችና ለቃሚዎች ማኅበር ለማቋቋም ይከብዳቸዋል። በባሌ ሰው ሲበደል አስቀድሞ የሚሄደው ወደ «ጃርሳ ቢያ»፣ ማለትም ወደ አገር ሽማግሌዎች ነው፤ የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። ኩባንያዎች የነፃ ስልክ መስመር ከመክፈታቸው በፊት እነዚህን ሽማግሌዎች ማነጋገር ይጠቅማቸዋል፤ ያልተከፈለ የቀን ሒሳብ በእነሱ ፊት በአንድ ውሎ ሊያልቅ ይችላል። ሆኖም በርጭት የታመመ ወጣት ሕክምናና የጉዳት ካሳ በዕርቅ የሚቀነስ አይደለም፤ አንዲት ለቃሚ የደረሰባት ትንኮሳም በዘመድ ሽምግልና መሸፈን የለበትም። እንዲህ ያለው አቤቱታ ከሽማግሌው በቀጥታ ወደ ሮቤ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪና ወደ ፍርድ ቤት የሚተላለፍበት መንገድ በግዢ ውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ለተበዳዩ የትራንስፖርትና የምስክር ወጪ የሚሸፍነውም ገዢው ኩባንያ መሆኑ አብሮ ይስፈር።