የመተንፈሻ አካላችን አሠራርና የጎተራ መድኃኒት አደጋ



ከውቂያ በኋላ ስንናፈጥ የሚወጣው የጠቆረ ንፍጥ አፍንጫችን ሥራውን እንደሠራ ያሳያል። ነገር ግን አፍንጫ የማያስቀረው አደጋም አለ። ይህን ለመረዳት የምንተነፍሰው አየር የሚሄድበትን መንገድ በቅደም ተከተል እንመልከት።

1. አፍንጫ፦ በውስጡ ያለው ጸጉርና ንፍጥ ሻካራውን ብናኝ ይይዛል። የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል።

2. የአየር ቧንቧ፦ ውስጡ በአክታ የተሸፈነ ነው። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ጸጉሮች አክታውን ከነብናኙ ወደ ጉሮሮ ይጠርጉታል። የትምባሆ ጭስ እነዚህን ጸጉሮች ይጎዳል።

3. ሳንባ፦ ቧንቧው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ቀኝና ግራ ሳንባ ይገባል። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ ሄዶ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያበቃል። የከረጢቶቹ ግድግዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ኦክስጅን ወደ ደም ያልፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከደም ወጥቶ ወደ ውጭ ይተነፈሳል።

4. ድያፍራም፦ ደረትንና ሆድን የሚለይ ጡንቻ ነው። ወደ ታች ሲወርድ አየር ይገባል፤ ወደ ላይ ሲመለስ አየር ይወጣል።

አደጋው የት ላይ ነው?

ኦክስጅንን የሚያሳልፈው ስስ ግድግዳ መርዛማ ጋዝንም ያሳልፋል። ለነቀዝ የሚጨመረው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ይህን ጋዝ የአፍንጫ ጸጉርም ሆነ አፍና አፍንጫ ላይ የታሰረ ነጠላ አያስቀረውም። ማርከሻም የለውም። ክኒን የገባበት እህል ባለበት ቤት ያደረ ቤተሰብ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ፦

• ክኒን የገባበትን እህል ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አናስቀምጥ። ክኒኑንም ያለ ሠለጠነ ባለሙያ አንጠቀም።
• ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ቤተሰቡ በሙሉ ወዲያውኑ ወደ ውጭ ይውጣ። ታማሚውን የመድኃኒቱን መያዣ ይዘን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም እናድርስ።
• በአውድማ ላይ ነፋሱ እብቁን ወደማይወስድበት አቅጣጫ እንቁም፤ አፍና አፍንጫችንን እንሸፍን። ይህ ለብናኝ እንጂ ለጋዝ አያገለግልም።

ነቀዝም እንደ እኛ ኦክስጅን ይፈልጋል። በደንብ የደረቀ እህል ባለ ሦስት ሽፋን በሆነው የፒክስ ከረጢት ውስጥ አየር በማያስገባ ሁኔታ ሲታሰር ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። እህላችን ያለ ኬሚካል ይጠበቃል፤ ቤተሰባችንም በሰላም ያድራል።