የእግር ዝሆኔን (ፖዶኮኒዮሲስን) በጫማና በውኃ መከላከል

በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ አካባቢዎች ኅብረተሰቡ በተለምዶ «ዝሆኔ» ብሎ የሚጠራው የእግር እብጠት በሕክምናው ቋንቋ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስያሜው እግርና አቧራ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን የበሽታውን መንሥኤ በአጭሩ ይገልጻል። በሽታው ፈጽሞ ሊከላከሉት የሚቻል፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከተደረሰበት ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል፣ ከበረታም በኋላ በቀላል እንክብካቤ የሚሻሻል ነው። ይህም ሆኖ ዛሬም የወጣቶች እግር ማበጥ ይጀምራል። ለዚህ ምክንያቱ የጫማ እጦት ብቻ አይደለም። ስለ በሽታው በኅብረተሰቡ ውስጥ፣ ከዚያም አልፎ በጤና ተቋማት ውስጥ የሚነገረው የተሳሳተ ነገር የራሱ ድርሻ አለው።

የችግሩ ስፋት

እ.ኤ.አ. በ2013 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ የዳሰሳ ጥናት በ1,315 ማኅበረሰቦች ውስጥ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ከ129,000 የሚበልጡ ሰዎች ተመርምረው 4 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታው ተገኝቷል። በያኔው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል አኃዙ 8.3 በመቶ ሲሆን በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ወደ 4 በመቶ የተጠጋ ነበር። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ትኩረት የሚሹ የሐሩር ክልል በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ፖዶኮኒዮሲስን ከሌሎቹ ጋር አካትቶታል። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረው የወላይታ ዞን ብቻ በሽታው በዓመት 16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚያሳጣ ገምቷል። የዚህ ኪሣራ ትልቁ ክፍል ለመድኃኒት የወጣ ገንዘብ ሳይሆን የታመመው ገበሬ ሳያርስ፣ የታመመችው እናት ገበያ ሳትወጣ የቀሩባቸው ቀናት ዋጋ ነው።

በሽታው እንዴት እንደሚጀምር

የበሽታው መንሥኤ ሕዋስ ያለው ተውሳክ አይደለም። ባክቴሪያም፣ ትልም፣ ትንኝም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ውስጥ ሰፊ ምርምር ያካሄደው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እንዳሳየው፣ በሽታው የሚከሠተው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በሚመላለሱ ሰዎች ላይ ነው። እንዲህ ያለው አፈር በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ በሚሉና ዓመታዊ ዝናባቸው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥ ቦታዎች ነው፤ ይህም ማለት ለእርሻ እጅግ የተመቹትና ሕዝብ በብዛት የሰፈረባቸው ቦታዎች ማለት ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉት እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ አልፈው ይገባሉ። ባዕድ ነገርን የሚውጡት ማክሮፋጅ የተባሉ ሕዋሳት ብናኞቹን ይውጧቸዋል፤ ነገር ግን ሊያሟሟቸው አይችሉም። በሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥና ዙሪያ የተነሣው ቁጣ ቀስ በቀስ ጠባሳ እየፈጠረ ቧንቧዎቹን ያጠባል፣ በኋላም ይዘጋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል።

አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ የፊተኛው የእግር ክፍል ያሳክካል፤ ማታ ማታ ውስጥ እግር ያቃጥላል። ቀጥሎ ጣቶቹ ይራራቃሉ፣ የቆዳው መስመሮች ጎልተው ይታያሉ፣ እግሩ ቀን አብጦ ሌሊት ጋደም ሲሉ ይጎድላል። በሽታው የተያዘው በዚህ ጊዜ ከሆነ ብዙ ድካም የለውም። ካለፈ ግን እብጠቱ አድሮም አይጎድልም፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ሽበት ወይም ጉጥ የመሰሉ ነገሮች ይበቅሉበታል፣ ጣቶቹ ይደርቃሉ፣ በመጨረሻም የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ አልታጠፍ ይላል።

ከሌሎች በሽታዎች መለየት

ለጤና ባለሙያው የሚያስቸግሩት ሁለት በሽታዎች ናቸው፤ በትንኝ የሚተላለፈው ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስና የሥጋ ደዌ። ፊላሪያሲስ የቆላ በሽታ ሲሆን እብጠቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ፣ ከብሽሽት አካባቢ ይጀምራል፤ በአንድ እግር ብቻ መታየቱም የተለመደ ነው፤ በወንዶች ላይ የዘር ፍሬ ከረጢትን ሊያሳብጥ ይችላል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚጀምረው ከእግር ጣቶችና ከውስጥ እግር ነው። ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ከላይ አይወርድም፤ ከጉልበት በላይ ማለፉም ብርቅ ነው። ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው ይበልጥ ሊያብጥ ይችላል። የሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ሲያጠፋ በፖዶኮኒዮሲስ ስሜቱ አይጠፋም። ስለሆነም የሕመምተኛውን መኖሪያ ቀበሌ መጠየቅ፣ እብጠቱ ከየት እንደጀመረ ማጣራትና እግሩን በጥጥ ጫፍ መዳሰስ በአብዛኛው ለምርመራው ይበቃል። በደጋ ለሚኖር ባለ ዝሆኔ የፊላሪያ መድኃኒት መስጠት ግን ምንም አይጠቅመውም፤ ይልቁንም «መድኃኒቱን ወሰድኩ፣ አልዳንኩም» በሚል ተስፋ አስቆርጦ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

በዘር ስለመሆኑ

በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ትዝብቱም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በአምስት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ይህ ተጋላጭነት የሰውነትን መከላከያ ከሚቆጣጠሩ የዘረ መል ክፍሎች ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። አንድ ዓይነት አፈር እየረገጡ ካደጉ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ይህ እውነት በግማሽ ሲነገር ነው። «በዘራቸው ነው» የተባለ ቤተሰብ ልጆቹ እንደማይዳኑ ቆጥሮ ጫማ መግዛቱን ከንቱ ወጪ ያደርገዋል። ጎረቤቱም ጋብቻ ይከለክላቸዋል፤ በሽታው ያልያዛት እኅት እንኳን በወንድሟ እግር ምክንያት ሳትታጭ ትቀራለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይኸው ነው፤ የእግር እብጠቱን የፈጠረው አፈር ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በጠቅላላው ቤተሰብ ላይ መውደቁ። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ሁለቱን ነገር አጣምሮ መናገር ይኖርበታል። ከወላጅ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ የቆዳና የሰውነት ስስነት ነው። እግሩ አፈር ያልነካው ሰው፣ ከየትኛውም ዘር ይወለድ፣ በዚህ በሽታ አይያዝም። ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በሽታው በቀድሞ ዘመን በሰሜን አፍሪካ አገሮችና በአውሮፓም በአየርላንድና በስኮትላንድ ይታይ እንደነበር ፕራይስ መዝግቧል፤ ጫማ መጫማት ሲለመድ ግን መድኃኒት ሳያስፈልግ ጠፍቷል። የሕዝቡ ዘር አልተለወጠም።

የጤና ባለሙያው ፍርሃት

እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ በሽታው መንሥኤ ቢያንስ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ነበራቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ፣ ሲያክሙም እንዳይዛቸው ይፈሩ ነበር። ከቁስሉ የሚወጣው ሽታና ፈሳሽ ፍርሃቱን እንደሚያባብሰው ግልጽ ነው። ሽታው ግን የሚመጣው በጉጦቹ መካከል ባለው እርጥብ ቆዳ ላይ ከሚራቡ ተራ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ሲሆን፣ በሳሙና ለተከታታይ ቀናት ሲታጠብ ይጠፋል። ከሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ ማዘዣ የሚጽፍ ባለሙያ በተራ ጠባቂው ሕዝብ ፊት «ይህ በሽታ ይተላለፋል» ብሎ ያወጀ ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ በትምህርት ሰዓት የሚናገረውን ማንም አይሰማውም። የሕመምተኛውን እግር በእጁ ይዞ አንድ ጊዜ የሚያጥብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአንጻሩ ለመንደሩ ሁሉ አስተምሯል። ቁስል ካለ እንደማንኛውም ቁስል ጓንት ማድረግ ተገቢ ነው፤ ጓንቱ የንጽሕና ደንብ እንጂ ከዝሆኔ መከላከያ አለመሆኑ ግን ለታማሚውም ለቤተሰቡም ይነገር።

የእግር እንክብካቤ

እንክብካቤው በቤት ውስጥ በየቀኑ የሚከናወን ነው። እግሩ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ በጣቶቹና በቆዳው እጥፋት መካከል ያለው አፈር በጥንቃቄ ይወጣል። ከዚያም በጤና ጣቢያው በተነገረው መጠን እጅግ በቀጠነ የበረኪና ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በንጹሕ ጨርቅ፣ በተለይም ጣቶቹ መካከል፣ በደንብ ይደርቃል። ፈንገስ ካለ የዊትፊልድ ቅባት ይቀባል፤ ቆዳው እንዳይሰነጣጠቅ ቫዝሊን ይደረግበታል። እብጠቱ ለስላሳ ከሆነ ጠዋት ከመኝታ ሳይነሡ ፋሻ ከጣት ወደ ላይ ይጠመጠማል። ሲቀመጡም ሲተኙም እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ የዚሁ ክፍል ናቸው።

ውኃ ከሩቅ ወንዝ በእንስራ ለሚቀዳበት ቤት በየቀኑ ስድስት ሊትር ለእግር መመደብ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ በሁለት ቦታዎች ተካሂዶ የታተመ ጥናት በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመር ስድስቱ ሊትር ወደ አንድ ሊትር ሊቀነስ እንደሚችል፣ የቆዳውም ሁኔታ ይበልጥ እንደሚሻሻል አሳይቷል። ለታማሚው የማይችለውን ነገር አዝዞ «አልፈጸመም» ከማለት ይህን መሞከር ይሻላል።

ታማሚውን ከሁሉ የሚያሠቃየው ግን እብጠቱ ሳይሆን በየጊዜው የሚነሣው ድንገተኛ ሕመም ነው። እግሩ ይቀላል፣ ይግላል፣ ብሽሽት ያብጣል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል፤ ታማሚው ለቀናት ከመኝታ አይነሣም። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እንክብካቤው ወዲያው የተጀመረላቸው ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ ያልተጀመረላቸው 23.9 ጊዜ ታመዋል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ እንክብካቤ ያገኘውም ሰው በዓመት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መታመሙ የሥቃዩን ልክ ያሳያል። የጤና ጣቢያው መዝገብ ይህን አያውቀውም፤ የሚያተኩሰው ሰው ተራመዶ መምጣት ስለማይችል። በሕመሙ ጊዜ ዕረፍት፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማብረድና ፓራሲታሞል ያስፈልጋል፤ የባክቴሪያ ልክፈት ምልክት ካለ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ፋሻው እስኪሻለው ይፈታል።

ስለ ጫማ

«ጫማ አድርጉ» ማለት ብቻውን በቂ ምክር አይደለም። በብዙ የገጠር ቤት ጫማ አለ፤ ነገር ግን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለትምህርት ቤት የተቀመጠ ነው። ልጁ ከትምህርት ሲመለስ ያወልቀውና ከብት ይጠብቃል፤ አባት በእርሻ ላይ ጭቃው እየያዘ ስለሚያስቸግረው በክረምት ጭራሽ ይተወዋል። እግር ከአፈሩ ጋር የሚገናኘው ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው። በረባሶና ክፍት ሰንደል ከባዶ እግር ቢሻሉም አቧራና ጭቃ ያስገባሉ፤ እግርን የሚሸፍን ሸራ ወይም ፕላስቲክ ጫማ የተሻለ ነው። ላበጠ እግር ከሱቅ የሚገዛ ጫማ ስለማይገባ በልክ የሚሠራ ያስፈልጋል፤ በወላይታ በሞሲ ፉት ማኅበር ሥር ይህ ሲሠራ ቆይቷል፤ በሌላም ቦታ የአካባቢው ጫማ ሰፊ ልኩን ወስዶ ሊሠራው ይችላል። ጫማ የሌለው ልጅም ቢሆን ማታ ከመተኛቱ በፊት እግሩን በሳሙና ቢታጠብ ብናኙ በቆዳው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል።

አንድ ታማሚ በተመዘገበበት ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀጣይ ጉብኝቷን በታናናሾቹ ላይ ብታደርግ ብዙ ታተርፋለች። ከአሥር ዓመት በላይ የሆኑትን ጫማ አስወልቃ የጣቶቹን መራራቅና የፊተኛውን እግር ቆዳ ትመለከታለች፤ ማታ ማታ ያቃጥላቸው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እብጠት ካለ ጠዋት ጎድሎ ያድር እንደሆነ ከእናትየው ታጣራለች። ምልክቱ የታየበት ልጅ የዚያኑ ቀን መታጠብና መጫማት ይጀምራል፤ ከሦስት ወር በኋላም እግሩ እንደገና ይታያል።