ተኩላ መጣ! ስለ ማስጠንቀቂያ ተረቶች



የእረኛውን ልጅ ተረት ያልሰማ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። በግ ሲጠብቅ ውሎ ስለ ሰለቸው «ተኩላ መጣ፣ ድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። የመንደሩ ሰዎች ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ ቢደርሱ ተኩላ የለም፤ ልጁ ይስቃል። ይህንኑ ደጋገመ። ኋላ ግን ተኩላው እውነት መጣ። ልጁ ቢጮህ፣ ቢለምን፣ «ያ ቀጣፊ ነው» ብለው ማንም አልደረሰለትም፤ በጎቹም አለቁ። ይህ ተረት በጥንት ግሪክ ይኖር እንደ ነበረ በሚነገርለት በኤዞፕ ስም ከሚጠሩት ተረቶች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለው ተረት የማስጠንቀቂያ ተረት ይባላል። በመጀመሪያ፣ በግልጥ ተነግሮም ይሁን ሳይነገር፣ «ይህን አታድርግ» የሚል ክልከላ አለ። አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ክልከላውን ይጥሳል። ከዚያም ክፉ ነገር ይደርስበታል። በእኛም አገር ማታ እሳት ዳር የሚነገሩት የጅብና የጭራቅ ተረቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ሂሌር ቤሎክ የተባለ ደራሲ በ1907 እ.ኤ.አ. የማስጠንቀቂያ ተረቶችን በግጥም ጽፎ አሳተመ። ከእነርሱ አንዷ ማቲልዳ የምትባል ውሸታም ልጅ ናት። ቤቱ ሳይቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠራች፤ ቤቱ በእውነት ሲቃጠል ግን የሚያምናት አጣች። እረኛው ከተማ ገባ ማለት ነው! ቤሎክ የጻፈው ለማሳቅ ጭምር ነበር። ሊዛ ሌማን የተባለች የሙዚቃ ደራሲም በ1909 እ.ኤ.አ. ከግጥሞቹ አንዳንዶቹን ዜማ ሠርታላቸው ተዘምረዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጀርመናዊው ሐኪም የሃይንሪኽ ሆፍማን ታሪክ ነው። በፍራንክፈርት ከተማ ወላጆች ልጅ ሲያስቸግራቸው «ሐኪሙ መጥቶ መራራ መድኃኒት ያጠጣሃል» እያሉ ያስፈራሩ ነበር። ስለዚህ ልጅ ሲታመም ሆፍማን ሊመረምረው ቢቀርብ በልቅሶ አላስነካ ይለዋል። እርሱም ወረቀትና እርሳስ ያወጣና ጠጉሩንና ጥፍሩን አልቆረጥም ያለ ልጅ ይሥልለታል፤ ልጁ ሥዕሉን ሲያይ ዝም ይላል፣ ሐኪሙም ሥራውን ይሠራል። በ1844 እ.ኤ.አ. ለገና በዓል ለሦስት ዓመት ልጁ መጽሐፍ ፈልጎ የወደደውን ስላጣ ባዶ ደብተር ገዛና ራሱ ጻፈበት፣ ሣለበትም። በሚቀጥለው ዓመት ታተመ። ስሙን በአማርኛ «ጨብራራው ፔተር» ልንለው እንችላለን።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፓውሊነ የተባለች ልጅ ክብሪት ስትጫር ተቃጥላ አመድ ትሆናለች፤ ሁለት ድመቶችም አስጠንቅቀዋት ነበር። አውራ ጣቱን መጥባት ያልተወውን ኮንራድን ደግሞ ልብስ ሰፊ በትልቅ መቀስ ጣቶቹን ይቆርጣቸዋል።

ልጆች፣ የሁለቱን ልዩነት አስተዋላችሁ? ክብሪት በእውነት ያቃጥላል፤ ቅጣቱ ከሥራው የወጣ ነው። ጣት ስለ ጠባ ግን መቀስ ይዞ የሚመጣ ልብስ ሰፊ የትም የለም። ኮንራድን የሰማ ልጅ ጣቱን ጠብቶ ልብስ ሰፊው ሲቀርበት «እንግዲያ የክብሪቱም ውሸት ነው» ቢልስ? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እኛ ትልልቆቹም ልጅ እንዲተኛልን «ጅብ መጣ!» ስንል፣ ሳናውቀው የእረኛውን ልጅ ቦታ እንይዛለን። በመርፌ ሲያስፈራሩት ያደገ ልጅም ሆዱን ሲያመው ሐኪም ቤት እንዳይወስዱት ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል።

መልመጃ፦ ከአያታችሁ ወይም ከእናታችሁ የሰማችሁትን አንድ የማስጠንቀቂያ ተረት በደብተራችሁ ጻፉ። ከሥሩም በተረቱ ውስጥ የደረሰው ክፉ ነገር በእውነት ሊደርስ የሚችል መሆን አለመሆኑን ከነምክንያቱ አስረዱ።