የሻሞኒ ገመድ

እ.ኤ.አ. በ1861 ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ ከተማ በላይ የሚወርደው የቦሶን የበረዶ ግግር ከታችኛው ጫፉ የሰው አጥንት፣ የተቀዳደደ ልብስና ባርኔጣ ይተፋ ጀመር። የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አላስፈለገም። ከ41 ዓመት በፊት ሞንብላን ተራራ ላይ በበረዶ ናዳ ተጠርገው ስንጥቅ ውስጥ የቀሩ ሦስት የተራራ መሪዎች ነበሩ፤ ከዚያው አደጋ የተረፈ አንድ አዛውንትም ገና በሕይወት ነበር።

ሟቾቹ ፒየር ባልማ፣ ፒየር ካሪዬና ኦጉስት ቴራ ይባላሉ። በነሐሴ 1820 የቀጠራቸው በሩሲያ መንግሥት ሥር የሚያገለግል ዮሴፍ ሃመል የተባለ ተመራማሪ ነው። አየሩ ተበላሽቶ አዲስ በረዶ በጣለበት ሰዓት መሪዎቹ እንመለስ ብለው ነበር ይባላል፤ ሃመል ግን ወደፊት አለ። እሱ ተረፈ።

በተከታዩ ዓመት የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ሥራው በተራ እንዲዳረስና ለተጎጂ ቤተሰብ የመረዳጃ ገንዘብ እንዲኖር ደንብ ወጣ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። ደንብ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ ግን ቀረ፦ ተራራ ላይ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን የከፋዩ ነው ወይስ የመሪው?

የበረዶ ግግር ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። ሞንብላን ከ4,800 ሜትር በጥቂቱ ይበልጣል፤ የእኛው ራስ ዳሸንም ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ራስ ዳሸን ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ የሚጥልበት በረዶ አይቆይም፤ ሞንብላን ላይ ግን ያምናው በዘንድሮው እየተደረበ ይጠጥራል። ግግሩ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ዐለት ሲያቆለቁል የላይኛው ጠጣር ክፍል መተጣጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሠላሳና አርባ ሜትር ሊጠልቅ ይችላል። አፉን የከፈተው ብዙም አያሰጋም፤ ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ሰው የሚበላው አዲስ በረዶ የከደነው ነው፤ ከላይ ሲታይ ሜዳ ይመስላል።

የሉዊ ላሸናል ታሪክ ይህን ይናገራል። በ1950 ከሞሪስ ኤርዞግ ጋር አናፑርና ጫፍ ላይ ሲወጣ ከ8,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ጫፍ የረገጡ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሆኑ። ላሸናል ራሱ የሻሞኒ መሪ ነበር። በኅዳር 1955 እዚያው ደጁ፣ ቫሌ ብላንሽ ላይ በስኪ ሲወርድ ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ሞተ።

ዛሬ ከመሪ ጋር የሚሰጠው፣ ከስንጥቅ ሰው የማውጣት ትምህርት አጀማመሩ አሰልቺ ነው። ጀማሪው ከጫማው ሥር ባለ ጥርስ ብረት አስሮ፣ ጥርሱ ሱሪውን እንዳይነክስ እግሩን ከፈት አድርጎ መራመድ ይለማመዳል። ቀጥሎ መውደቅ ይማራል፦ ሲንሸራተት በደረቱ ተገልብጦ የበረዶ ዶማውን ሹል በሰውነቱ ክብደት መትከል። ይህን ደጋግሞ፣ በግራም በቀኝም።

ዋናው ሥራ ስንጥቁ አፍ ላይ ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው አሥር ሜትር ገደማ ይተዋሉ። ገመዱ መሬት ላይ እንዳይጎተት፣ እንዳይወጠርም። አንዱ በሁለተኛ መጠባበቂያ ገመድ ተይዞ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል። መካከለኛው ተረከዙን በረዶው ውስጥ ቀብሮ ክብደቱን ይሸከማል። ሦስተኛው ከኋላ መጥቶ አግድም ቦይ ይቆፍራል፤ ዶማውን በማሰሪያ አስሮ ይቀብረዋል፤ ረግጦ ያጠብቀዋል። ይህ ችካሉ ነው። ከዚያ ኦስትሪያዊው የሙዚቃ መምህር ካርል ፕሩሲክ በ1931 ባስተዋወቀውና በስሙ በሚጠራው ቋጠሮ ክብደቱ ወደ ችካሉ ይተላለፋል። ቋጠሮው ሲጎተት ይነክሳል፣ ሲላላ ይንሸራተታል።

ጀማሪዎች የሚደነግጡት ከዚህ በኋላ ነው። ገመዱ በመዘውር ታጥፎ ጉልበትን ሦስት እጥፍ ያደርጋል ተብለዋል። ሲጎትቱ ግን ሰውየው ንቅንቅ አይልም። ገመዱ የስንጥቁን ከንፈር ሰርስሮ ገብቷል፤ ሰበቃው ጉልበታቸውን በልቶታል። አስቀድሞ የጀርባ ቦርሳ ወይም የዶማ እጀታ ከገመዱ ሥር ማንጠፍ ነበረባቸው። ከታች የተንጠለጠለው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ በሁለት ፕሩሲክ፣ አንዱን ለወገቡ ሌላውን ለእግሩ አድርጎ ራሱ መውጣት ይሞክራል። ሄሊኮፕተር ደመና ሲሆን አይመጣም፤ ብርዱ ግን አይጠብቅም።

ሁለት ብቻ ሆነው ለሚሄዱ ነገሩ ይብሳል። የቀረው አንዱ ባልንጀራውን ተሸክሞ ብቻውን ችካል መትከል አለበት። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ርቀታቸውን ያሰፋሉ፣ በመካከላቸው ባለው ገመድ ላይም ቋጠሮዎች ያደርጋሉ፤ ቋጠሮው ከንፈሩ ላይ ሲያዝ ሸክሙን ያቀልላል። ጥንድ ሆነው የሚወጡ ብዙዎች መሆናቸው ያሳስባል።

የመማሪያው ቦታም እየሸሸ ነው። እዚያው ሻሞኒ ወዳለው ሜር ደ ግላስ ግግር ለመውረድ በ1988 ከኬብል መኪናው ማቆሚያ ጥቂት ደረጃዎች ይበቁ ነበር፤ ግግሩ እየቀጠነ ሲሄድ ደረጃዎቹ ከ500 በለጡ። በ2024 አዲስ የኬብል መኪና ሽቅብ ራቅ ብሎ ተሠራ። ሙቀቱ የስንጥቅ ክዳኖችንም ያሳሳል፤ ገና ሳይነጋ መነሳትና ፀሐይ ሳትከርር መመለስ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው።

ሐምሌ 2022 ላይ የ1820ው ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። በወሩ መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ የማርሞላዳ ግግር ተገምሶ 11 ሰው ገድሏል። ሞንብላን ላይ ደግሞ ሙቀቱ ድንጋይ ያዘንብ ጀመር። የሻሞኒና የአጎራባቿ የሴን ዠርቬ መሪዎች በተለመደው የጉቴ መንገድ ደንበኛ መውሰድ አቆሙ። ያለ መሪ የሚወጡት ግን አላቆሙም። የወቅቱ የሴን ዠርቬ ከንቲባ ዣን ማርክ ፔዬ የሚወጣ ሁሉ 15,000 ዩሮ ያስይዝ አሉ፦ 10,000ው ለነፍስ አድን፣ 5,000ው ለቀብር። ሐሳቡ ብዙ ሰው አስቆጣ፤ በፈረንሳይ የተራራ ነፍስ አድን ነጻ ነውና። ከንቲባው አበዙት፣ ግን ስለ አደጋው ያነሱት ነገር እውነት ነው።

ስለዚህ አውሮፓ የምትኖርና ሞንብላንን የምታልም አንባቢ ከሆንህ፣ ለጫፉ ከመክፈልህ በፊት ለስንጥቁ ትምህርት ክፈል። ስትቀጥርም በ1965 የተመሠረተውን የዓለም አቀፍ ተራራ መሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን መታወቂያ ጠይቅ። መሪህ «ዛሬ አይሆንም» ካለህ ደግሞ ተመለስ፤ ስለ ገንዘቡ አትከራከረው።