ጊሎ ሲሰክን

(ድምፅ፦ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ፤ ቀስ በቀስ በወንዝ ድምፅ ይተካል)

አማን ላይ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ሁሉ ቦይ ይሆናል። ከሚዛን ተፈሪ ጋር ተያይዛ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች በአንዱ ትገኛለች። ዝናቡ ሲያባራ በየቦዩ የሚወርደው ውሃ ቀይ ነው፤ ከማሳውና ከመንገዱ ዳር የጠረገውን አፈር ተሸክሞ ቁልቁል ይጣደፋል። ከዚያ አፈር ከፊሉ ጊሎ ወንዝ ይገባል።

ጊሎ የሚነሳው በሚዛን አካባቢ ካሉት ተራሮች ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ወንዙ ከዚህ ከፍታ ወደ ምዕራብ እየተንደረደረ ከ500 ሜትር በታች ወደሆነው የጋምቤላ ሜዳ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ አሸዋና ጠጠር ሳይቀር ያንከባልላል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ቡና የሚያፈላ ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ጀበናው ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ካላረፈ አተላው አይዘቅጥም። ወንዝም ፍጥነቱ ሲቀንስ መጀመሪያ ከባዱን ይጥላል። በረጋ ውሃ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አንድ ሜትር ለመስመጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። የአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስት መቶኛ የሚያክል የሸክላ ቅንጣት ግን ለዚያችው አንድ ሜትር ሦስት ቀን ገደማ ይፈልጋል። አንዴ ከተኛ በኋላ ደግሞ በቀላሉ አይነሳም። ስዊድናዊው ፊሊፕ ዩልስትሮም እ.ኤ.አ. በ1935 እንዳሳየው፣ እርስ በርሱ የተጣበቀን ሸክላ ለመፈንቀል ልቅ አሸዋን ከሚያነሳው የበረታ ፍሰት ያስፈልጋል።

ባሕር ይህንኑ ሥራ በሰዓታት ልዩነት ይሠራዋል። በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሳ ውሃው ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በብዙ ዳርቻዎች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል። አቅጣጫውን ሊቀይር ሲል ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ደለሉም ያኔ ይተኛል። ሲመለስ ሁሉንም አያነሳውም። የኔዘርላንድና የጀርመን ዳርቻዎችን የሚያዋስነው የዋደን ባሕር ሰፊ የጭቃ ሜዳ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ትልና ቀንድ አውጣ ይርመሰመሳል፣ ውሃው ሲሸሽም ወፎች ይሰፍሩበታል። ፍሰቱ በሚበረታበት ቦታ ደግሞ ደለል አይቀመጥም፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት ምግባቸውን ከሚያልፈው ውሃ እያጠለሉ ይኖራሉ። ለእኛ ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር፣ ምጽዋ ላይ ውሃው አንድ ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፖርት ሱዳን አጠገብ ግን ለውጡ ጨርሶ አይታይም ማለት ይቻላል።

(ድምፅ፦ የቄጠማ ሹክሹክታ፣ የውሃ ወፎች)

የጊሎ ሙላትና ጉድለት የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። በክረምት ወንዙ ከአፉ ወጥቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ በመንገዱ ላይ ባለው የታታ ሐይቅም ያርፋል። ያ እረፍት ባይኖር ሜዳው ይህን ያህል ሕይወት ባልያዘ ነበር። ጊሎ የሚገኝበት የባሮና አኮቦ ተፋሰስ ከኢትዮጵያ የውሃ አካላት ሁሉ በዓሣ ዓይነት የበለጸገው ነው፤ ከ100 በላይ ዝርያዎች ይገኙበታል። ውሃው ሲወጣ ብዙዎቹ ተከትለውት ሣር ውስጥ ይገባሉ፣ እዚያ ይራባሉ፤ ጫጩቶቹ በደለሉ ልምላሜ ላይ አድገው ውሃው ሲሸሽ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። በረጋውና ኦክስጅን ባነሰው ውሃ ውስጥ ደግሞ ሳንባ ያለው ዓሣ ይኖራል፤ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር ይስባል።

ጎርፉ ሲጎድል የአኙዋ ገበሬዎች ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። የደለሉ ገጽ በፀሐይ ተሰንጥቋል፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጭቃ ገና እርጥብ፣ ጥቁርና ልስልስ ነው። በቆሎው የሚዘራው እዚያ ላይ ነው፤ ዝናብ ሳይጠብቅ በቀረው እርጥበት ይበቅላል።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ላይ፣ ከተራሮቹ ነው። ከቴፒ እስከ ሚዛን ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሲበቅል ቅጠሉ የዝናቡን ጠብታ ይሰብረዋል፣ ረግፎ የተነጠፈውም አፈሩን ይይዘዋል። በዚሁ አካባቢ ያለው የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። ተዳፋቱ ሲመነጠር ግን ወንዙ የሚሸከመው ከልክ ያልፋል፤ ማሳ የሚሠራው ደለል ያኔ ሐይቅና የዓሣ መራቢያ ይደፍናል። አማን ላይ የተቆረጠ ዛፍ የታታን ዓሣ አጥማጅም ይመለከተዋል።

ጊሎ ከታታ በኋላ ከፒቦር ወንዝ ይቀላቀላል፤ ፒቦርና ባሮ ተገናኝተው ሶባት ይሆናሉ፤ ሶባትም ማላካል አቅራቢያ ነጭ ዓባይ ይገባል። የሚዛን ውሃ ካርቱም ሲደርስ አንድ ጊዜ ደግሞ ይገታል፦ ከሐምሌ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የዓባይ ሙላት ነጭ ዓባይን ገፍቶ ወደ ኋላ ሲያቆረው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1937 ከካርቱም በስተደቡብ የተጠናቀቀው የጀበል አውሊያ ግድብ ይህንኑ የተፈጥሮ ክምችት ለማሳደግና ውሃውን በበጋ ለመልቀቅ የተሠራ ነው።