ለዶሮ ወጥ የሚሆን ወይን

አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት 11 ዓመት አስተናግጃለሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ከዓይኔ ያልጠፋው የአንድ ፋሲካ ማግስት ገበታ ነው። ልጆች አባታቸውን ሊጋብዙ መጥተው ዶሮ ወጥ አዘዙ። ትልቁ ልጅ ለአባቱ ክብር ብሎ ከሜኑው ውድ የሆነውን፣ ከውጭ የመጣ ደረቅ ቀይ ወይን መረጠ። ሽማግሌው አንድ ጎረሱ፣ ከወይኑ ተጎነጩ፣ ፊታቸው ተኮማተረ። ብርጭቆውን በቀስታ ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ውኃ አምጪልኝ» አሉኝ። የልጁ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ፤ ለጠርሙሱ የሚከፍለው ገንዘብ የሳምንት አስቤዛ ይገዛል።

ወይኑ ጥፋት አልነበረበትም፤ ከወጡ ጋር ነው ያልተስማማው። ቀይ ወይን ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚያገኘው ታኒን የሚባል ነገር አለው። ቅጠል በዝቶበት የተንተከተከ ሻይ ምላስን የሚያደርቀው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው። በርበሬ ያቃጠለው አፍ ላይ ሲያርፍ ምሬቱ ይጎላል፤ አልኮሉም ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ጣፋጭ ነገር ግን ያበርደዋል። ዶሮ ወጥና ጠጅ ሳይጣሉ የኖሩት ለዚህ ይመስለኛል።

ፍሪጅ ውስጥ ከነበረው አክሱሚት አንድ ብርጭቆ ቀድቼ «አባባ፣ እስቲ ይቺን ይቅመሱልኝ» አልኳቸው። አክሱሚት የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጣፋጭ ወይን ነው፤ ዋጋው ከዚያኛው አጠገብ የሚቀርብ አልነበረም። ቀመሱ፤ ጎረሱ፤ ደግመው ጠጡ። ከዚያ «ጠርሙሱን እዚሁ አኑሪው» አሉኝ።

ወይን የሚያውቅ ሰው ደረቅ ብቻ ነው የሚጠጣው ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ለቀይ ሥጋ ቀይ፣ ለነጭ ሥጋ ነጭ የሚለውም ደንብ የሥጋውን ቀለም እንጂ ቁሌቱን አያይም። እኛ ገበታ ላይ ጣዕሙን የሚወስነው ደግሞ ቁሌቱ ነው።

ያንን ውድ ጠርሙስም አልጣልነውም። ልጆቹ ጥብስ ጨመሩና በእሱ ጠጡት፤ ያን ጊዜ ማንም ፊቱን አላጨማደደም። ሥጋና ስብ ታኒኑን ይይዙታል፤ ወይኑ ይለሰልሳል። ክትፎ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ወይኑ አፍ ላይ የተለጠፈውን ንጥር ቅቤ ጠርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ ቦታ ያዘጋጃል። ስለዚህ ክትፎ ለሚያዝ እንግዳ ጉደር ወይም ሪፍት ቫሊ ሜርሎ እላለሁ፤ ሚጥሚጣው ቀለል ይበል፣ አይቡም ይቅረብ። ለሸክላ ጥብስ ሲራ እመርጣለሁ። ሲራ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ስለሚሸት ከጥብስ ቅጠሉ ጋር ይዋደዳል።

ሪፍት ቫሊ የሚመጣው ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ነው፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አምራቹ ካስቴል ይህን የዝዋይ ወይን ለገበያ ያቀረበው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ተጠብሶ ሎሚ ሲጨመቅበት፣ በደንብ የቀዘቀዘ ሻርዶኔ ወይም የአዋሽ ክሪስታል ይፈልጋል። በነገራችን ላይ እንጀራችን ኮምጣጣ ነው፤ ትንሽ ኮምጠጥ የማይል ወይን ከእንጀራ ጋር ውኃ ውኃ ይላል።

ከምርጫው በላይ የሚያናድደኝ ግን ሙቀቱ ነው። በብዙ ምግብ ቤት ቀይ ወይን ማድ ቤት አጠገብ፣ መደርደሪያ ላይ ሲሞቅ ይውላል። እንዲህ የሞቀ ወይን ከፍሬው ሽታ ይልቅ አልኮሉ ነው አፍንጫ የሚመታው። ቀይ ወይን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ያምርበታል። ስለዚህ ሳታፍሩ «20 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡልን» በሉ። ምግቡ እስኪደርስ ይበርዳል፤ ወጪም የለውም። ነጩና ጣፋጩ ከዚያም በላይ መቀዝቀዝ አለባቸው።

በብርጭቆ ከማዘዛችሁ በፊት ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ። ተከፍቶ የሰነበተ ከሆነ ይቅርባችሁ። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ሦስት ሰው ከሆናችሁ ጠርሙሱን ማዘዝ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የተረፈውን ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ፤ የከፈላችሁበት ነው።

ሽማግሌው ያን ቀን አክሱሚቱን አልጨረሱትም። ቡሹን መልሼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለሴት ልጃቸው ሰጠኋት። «ፍሪጅ ውስጥ አቁሚው» አልኳት፤ «ነገ ቤት ከተረፈው ዶሮ ጋር ትሰጫቸዋለሽ።»