ጅራታም ኰከብና የመንግሥት በጀት

ባለ ሸራ መርከብ የሚያሠራ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ነፋስ የባለ ገንዘብን ምቾት አይጠብቅም። ወቅቱ ካለፈ ሸቀጡ በወደብ ተከምሮ እስከሚመጣው ዓመት ይቈያል። የጠፈር ሊቃውንትም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ ነፋስ አንዳንድ ጊዜ ከ76 ዓመት በኋላ የሚመለስ መሆኑ ነው።

ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኰከብ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በ1910 ዓ.ም. ታይቶ በ1986 ዓ.ም. ተመልሷል። የሚመለስበት ጊዜ አስቀድሞ በሒሳብ የታወቀ ስለ ነበረ፥ ድንገት ደረሰብኝ ብሎ ሊያመካኝ የሚችል መንግሥት አልነበረም። እንዲህ ሲሆን፥ ሰውን ጨረቃ ላይ ያሳረፈችው አሜሪካ ለዚህ ኰከብ ተብላ የተሠራች አንዲት መንኰራኩር እንኳ አልላከችም። ከአውሮፓ ጋር በኅብረት የታሰበው ጕዞ፥ የሚያስፈልገው አዲስ ሞተር በበጀት ስላልተፈቀደ በ1980 ዓ.ም. ቀረ፤ በኋላ በአነስተኛ ወጪ የቀረበውም ሐሳብ ገንዘብ አላገኘም። በዚያ አገር በጀት የሚፈቀደው በየዓመቱ ሲሆን፥ መንኰራኩር ግን ታስባ ተሠርታ እስክትላክ ብዙ ዓመት ትፈጃለች። እርግጥ ነው፥ ቀድሞ ለሌላ ሥራ የተላከች አንዲት የአሜሪካ መንኰራኩር መንገዷ ተለውጦ በ1985 ዓ.ም. በሌላ ጅራታም ኰከብ አጠገብ አልፋለች፤ ይህ ግን የሊቃውንቱን ብልሃት እንጂ የበጀቱን ደግነት አያስመሰግንም።

በአውሮፓ የሆነው ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት፥ ለአውሮፓ የጠፈር ድርጅት የሳይንስ ክፍል እያንዳንዱ አባል መንግሥት እንደ ብሔራዊ ገቢው መጠን በግዴታ ይከፍላል፤ የገንዘቡም ልክ ለአምስት ዓመት ይወሰናል። ሀብታሙ ብዙ፥ ድኻው ጥቂት ያወጣል፤ ነገር ግን ይህን ጕዞ እከፍልበታለሁ፥ ያንን አልከፍልበትም ማለት የለም። በዚህ ገንዘብ የተሠራችው ጂዮቶ መጋቢት 1986 ዓ.ም. ከሃሌይ እምብርት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈች፤ እምብርቱም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና እንደ ከሰል የጠቈረ መሆኑ ታወቀ። ከጥቂት ቀን በፊት ያለፉት ሁለቱ የሶቪየት መንኰራኩሮች ሥፍራውን በትክክል ባያመለክቱ ኖሮ ይህን ያህል መቅረብ ባልተቻለም ነበር።

ጽኑ በጀት በይበልጥ የተፈተነው በሮዜታ ነው። ጕዞዋ በ1993 ዓ.ም. ተፈቅዶ፥ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ልትነሣ ስትል፥ ልትጫንበት የነበረው የአሪያን 5 ሮኬት ዓይነት ከጥቂት ሳምንት በፊት በሌላ በረራ ላይ በመክሸፉ መነሣቷ ታገደ፤ የታሰበላትም ኰከብ አመለጣት። ሆኖም ተጨማሪ ወጪ ተችሎ፥ ሌላ ኰከብ ተመርጦላት በ2004 ዓ.ም. ተላከች፤ በ2014 ዓ.ም. ደርሳ መሣሪያ አሳረፈችበት፤ ሥራዋንም በ2016 ዓ.ም. ፈጸመች። ከፈቃዱ እስከ ፍጻሜው 23 ዓመት ነው። ሣጥኑ በየዓመቱ እየተከፈተ የሚመከርበት ሥራ ቢሆን ኖሮ፥ 23 ጊዜ የመሞት ዕድል በገጠመው ነበር።

ጽኑ በጀት ማለት ልክ የሌለው ገንዘብ ማለት አይደለም። ጣሪያው አስቀድሞ ስለሚታወቅ፥ አንዱ ጕዞ ሲመረጥ ሌላው ይቀራል፤ ለመዝገብ ያዥም የሚመቸው ይኸው ነው። ይኸው ድርጅት በ2022 ዓ.ም. እንድትሠራ የወሰነላት አንዲት መንኰራኩር ደግሞ፥ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ቆማ፥ ውሳኔው ሲሰጥ ገና ያልተገኘ ጅራታም ኰከብ እስኪመጣ እንድትጠብቅ የታሰበች ናት።